የሕዝቡ ድርሻ

የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ድሮ የሚቆመው አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ከዚያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ የወሰደው የጣሊያን ወረራ ነው፤ መርካቶ የሚለው ስም የቀረውም ከዚያው ዘመን ነው። ዛሬ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ነጠላውን እንዳጣፋ ሱቁን ሊከፍት የሚጣደፈውን አስቀዳሽ ሳይ፣ የገበያውና የደጀ ሰላሙ መለያየት በእኛም ልብ ውስጥ የጸና ይመስለኛል።

በየአጥቢያችን አገልጋይ የምንለው ካህኑን፣ ዲያቆኑን፣ ሰባኪውን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪውን ነው። ጨርቅ የሚሸጠው፣ ጭነት የሚያወርደው፣ የታክሲ ረዳቱ ግን ተገልጋይ ብቻ ሆነው ይቆጠራሉ፤ እነሱም ራሳቸውን እንደዚያው ይቆጥራሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የክህነትን ምስጢር ላቃልል አይደለም፤ ቅዳሴያችን ራሱ ሌላ ስለሚያስተምረኝ ነው። ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ተሟልተው ቅዳሴ ከገባ በኋላም መጽሐፈ ቅዳሴው ለካህኑና ለዲያቆኑ ድርሻቸውን ሲሰጥ፣ በየመካከሉ ደግሞ «ይበል ሕዝብ» እያለ የእኛን ተሰጥዎ ይጠራል። ከኋላ ዓምዱን ተደግፋ የቆመችው ጉልት ቸርቻሪም በዚያ ጸሎት ውስጥ ተራ አላት። ታዲያ ዲያቆኑ በሰላም ሲያሰናብተን ይህ ድርሻ ለምን በሩ ላይ ይቀራል?

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ቀራጮችና ጭፍሮች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው ምን እናድርግ ይሉታል። ሥራችሁን ትታችሁ በረሃ ግቡ አላላቸውም። ቀራጩ ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስብ፣ ጭፍራውም ሰው ሳይበድል በደመወዙ እንዲኖር ነገራቸው። ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከ1900 እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1919 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ ያ ትምህርት እንደ እሳቸው ያለውን ሹምም፣ የመጋዘን ዘበኛውንም ያገኛል።

ሰሞኑን እዚያው ድልድዩ አካባቢ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነበር። አንዲት አሮጊት ግማሽ ኪሎ በርበሬ ጠየቁ። ወጣቱ ሻጭ ሊጭን ሲል ሚዛኑን አየና «እማማ፣ አንዴ ይታገሡኝ» አለ። ከፊተኛው ገዢ የቀረ ብናኝ ሳህኑ ላይ ነበር። ሳህኑን አንሥቶ በጨርቅ ጠረገው፣ ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን አይቶ መዘነላቸው። የብናኙ ዋጋ ምን ያህል ነው? ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አሮጊቷም ቁጥሩን የሚያነቡ አልመሰለኝም። እኔ ግን ያን ልጅ አገልጋይ እለዋለሁ። ሥዕለ አድኅኖ ከሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ሚዛን የሚያዛቡ እንዳሉ መርካቶ የሚውል ሁሉ ያውቃል፤ ይህ የሚያሳዝነኝ በሥዕሉም ስለሚያላግጡ ነው።

«እኔ ማን ሆኜ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም የሄዱት እንደማንኛውም ምእመን ሊሳለሙ ነበር። ወሎ ተርቦ ነበርና የያዙትን ዳቦና ጠበል በመንገድ ለወደቁት አከፋፈሉ። ከሞተች እናቷ ጡት ያልተላቀቀች ሕፃን አገኙ፤ ሲመለሱ ሁለት ልጆች ይዘው ነበር። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን ምረጪ ሲሏቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ። ማንም እጁን ጭኖ አልሾማቸውም፤ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2013 ዓ.ም. ግን ብዙ ሺህ ሕፃናት በእሳቸው እጅ በኩል አለፉ።

ሁላችንም ግሸን መንገድ ላይ አንገኝም። ሱቃችን፣ ቢሯችን፣ የታክሲው በር ግን ለእያንዳንዳችን አለ። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ፦ የንስሐ አባቶቻችን ስለ ጾማችንና ስለ ስግደታችን ከጠየቁን በኋላ ስለ ሚዛናችን፣ ስለ ቀን ሠራተኛው ሒሳብ፣ ደረሰኝ ስለከለከልነው ደንበኛም ይጠይቁን። እኛም ሳይጠይቁን እንንገራቸው።