በጆንያው ላይ ያለው ስም የማን ነው?

ዛሬ የፈረሱላ ዋጋ ዝርዝር አልለጥፍም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ፦ «ሁለቱም የታጠበ፣ ሁለቱም ደረጃ 2፤ ታዲያ ይርጋጨፌ ሲሆን ለምን ይበልጣል?»

አጭሩ መልስ ስሙ ነው። ጣዕሙ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ጣዕሙ ገዢውን መጀመሪያ ያመጣዋል፤ በዓመቱ ተመልሶ «ያንኑ ስጡኝ» የሚለው ግን በስም ጠርቶ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ላኪው ሲሸጥ የኒውዮርኩን ዋጋ መነሻ አድርጎ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነገር አለ፤ ዲፈረንሻል የምንለው። አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ይይዛል፤ ወደ 42 ሺህ 300 ፓውንድ ማለት ነው። ስሙ በፓውንድ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ አስጨመረ እንበል። በአንድ ኮንቴይነር 8 ሺህ 460 ዶላር ሆነ። ቡናው አልተጨመረ፣ ጆንያው አልተለወጠ፤ የጆንያው ላይ ጽሑፍ ነው ይህን ያመጣው።

ይህን ያህል ገንዘብ የተሸከመ ስም ባለቤት ያስፈልገዋል። የእኛ መንግሥት ይህን የተረዳው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያኔ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ሦስት ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ይመዝገቡልኝ ብሎ አመለከተ። ይርጋጨፌ ብዙም ሳያስቸግር አለፈ። በሲዳሞ ላይ ግን ስታርባክስ አንድ ዓመት ቀድሞ ሲዳሞ የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ተገኘ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃውሞ አቀረበ። ክርክሩ ምን መሰላችሁ? «ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፤ የጋራ ቃል ስለሆኑ ማንም ባለቤት ሊሆንባቸው አይችልም» የሚል ነበር። መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም መጀመሪያ ላይ ይህንኑ ተቀብሎ ሁለቱን ውድቅ አደረገ።

ስታርባክስ በበኩሉ «የንግድ ምልክቱን ተዉትና የአካባቢ ማረጋገጫ ምልክት አውጡ» ይል ነበር። ሲሰሙት ደግ ምክር ይመስላል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። በአሜሪካ ሕግ የማረጋገጫ ምልክት ባለቤት መስፈርቱን ያሟላውን ሁሉ አልፈቅድም ማለት አይችልም። የንግድ ምልክት ባለቤት ግን ማን እንደሚጠቀም፣ በምን ውል እንደሚጠቀም ራሱ ይወስናል። በዚያ ላይ ቡናው ከስንትና ስንት አነስተኛ ገበሬ ጓሮ ተለቅሞ በየሰብሳቢው እጅ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱን ጆንያ ተከትሎ ማረጋገጥ የሚጠይቀውን ወጪ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በ2006 ስታርባክስ ማመልከቻውን አነሳ። ኦክስፋም ዘመቻ ጀመረ፤ ስሞቹ በእጃችን ቢሆኑ አገሪቱ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ልታገኝ ትችላለች ብሎ አስላ። ሰኔ 2007 ላይ ሁለቱ ወገኖች በድርድር ተስማሙ፤ ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀብሎ የፈቃድ ውል ፈረመ። ሲዳሞና ሐረርም ቆይተው ተመዘገቡ። ውሉ ክፍያ የለበትም፤ ገዢው በነፃ ይጠቀማል፣ በምትኩ ስሙን ያስተዋውቃል። እኔ በዚህ አልከፋም፤ ስም የሚያድገው ሲጠራ ነውና።

እስከዚህ ጥሩ ነው። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ወደዚህ የዋጋ ሥራ ከመግባቴ በፊት ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በትንንሽ ከረጢት አሽጌ ለሱቆችና ለካፌዎች አከፋፍል ነበር። ከረጢቱ ላይ የነበረው የእናቴ ስም ነው። አራት ዓመት ሠራሁበት። ባለሱቆቹ የእኔን ስም አያውቁም፤ «የእሷን አምጣልን» ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ፦ ስሙን ሌላ ድርጅት ለቡና አስመዝግቦታል፣ መጠቀም አቁም። የንግድ ፈቃዴን ይዤ ሕግ አዋቂ ዘንድ ሮጥኩ። «ይኸው፣ ስሙ ፈቃዴ ላይ አለ እኮ!» አልኩት። አየት አደረገና «ይሄ የንግድ ስም ነው፤ የንግድ ምልክት አይደለም» አለኝ።

ልዩነቱን ያን ቀን ተማርኩ። የንግድ ስም ድርጅቱ የሚጠራበት ነው፤ ንግድ ቢሮ ይመዘግበዋል። የንግድ ምልክት ግን ዕቃው ገበያ ላይ የሚለይበት ነው፤ የሚመዘገበውም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምናልባት ተከራክሬ የማገኘው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ግን ለክርክሩ የሚሆን ገንዘብም ጊዜም አልነበረኝም። ስሙን ለወጥኩ። አዲሱን ከረጢት ማንም አላወቀውም፤ በስድስት ወር ውስጥ ሥራውን ዘጋሁ። እናቴ እስከ ዛሬ «ስሜን ስንት ሸጥከው?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔን ግን አያስቀኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። እኔ ስሜን ያጣሁት ሳላስመዘግብ ቀርቼ ነው። እንደ አገር ግን አስመዝግበንም ልናጣ እንችላለን፤ አጥሩን አጥሮ ማሳውን እንደማያርም ገበሬ ማለት ነው። የሌላ አካባቢ ቡና ይርጋጨፌ ጆንያ ውስጥ ሲገባ ስንቶቻችን አይተን ዝም ብለናል? «ስም አይበላም፣ ሁሉም ቡና ነው» ይላል አንዱ። ይህ አባባል እኮ ያኔ ተቃዋሚዎቻችን ካቀረቡት ክርክር ጋር አንድ ነው። ስሙ የትም የበቀለ ቡና የሚጠራበት ከሆነ የጋራ ቃል ሆነ ማለት ነው። በጠበቃ ያሸነፍነውን ክርክር በቅልቅል እየተሸነፍን ነው።

ሌላም አለ። ያኔ የተመዘገበው «ሲዳሞ» የድሮው ክፍለ ሀገር ስም ነው። ዛሬ ሲዳማ ከ2020 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው፤ ጆንያውም ላይ ሲዳማ እያልን እንጽፋለን። ድሮ በሲዳሞ ስም ይሸጥ የነበረው ጉጂም በራሱ ስም ገዢ አግኝቷል። ገበያው ወደ አዲስ ስም ሲሄድ መዝገቡም አብሮት መሄድ አለበት። ስም እስኪታወቅ ጠብቆ ከመሟገት፣ ሳይታወቅ በፊት ማስመዝገብ በብዙ ይረክሳል።

ስለዚህ ለላኪዎች፦ የፈቃድ ውል የፈረመ ገዢያችሁ ስሙን በትክክል ማሸጊያው ላይ መጻፉን ጠይቁ፣ ፎቶ አስልኩ። ለአቅራቢዎች፦ በቅልቅል የምታተርፉት የዘንድሮን ነው፤ የምታጡት የልጆቻችሁን ዲፈረንሻል ነው። ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች፦ የአሜሪካ ምዝገባ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ ማደስ ብቻ ሳይሆን ማን እንዴት እየተጠቀመበት እንደሆነ መከታተልም የባለቤት ሥራ ነው።

ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር እያሸጋችሁ ለምትሸጡ ደግሞ፦ የንግድ ፈቃዴ ይበቃኛል አትበሉ። ከረጢት ከማሳተማችሁ በፊት ስሙ ተይዞ እንደሆነ አጣሩ፤ ከዚያ አመልክቱ። የአገር ውስጥ ምዝገባ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። አስመዝግባችሁ 3 ዓመት ሳትጠቀሙበት ከቆያችሁም ሌላ ሰው ይሰረዝልኝ ሊል ይችላል። የእኔ ከረጢት ከነሕትመቱ እስከ አሁን ቤት ተቀምጧል፤ ማየት የፈለገ መጥቶ ማየት ይችላል።

ነገ ወደ ዋጋችን እንመለሳለን። መልካም ገበያ!