ካርድ ያልደረሳት ጎረቤት



የሸዋል ወር ሲገባ፣ እንዲሁም ረመዷን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በመርሳና በአካባቢዋ ኒካሕ ይበዛል። አልሐምዱሊላህ! ወጣቶቻችን ሐላሉን መርጠው ጎጆ ሲወጡ ማየት የማያስደስተው ሙስሊም የለም። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኒካሑ ቀድሞ የሚያሳስበን፣ ከመህሩ በፊት የሚያከራክረን አንድ ነገር መጥቷል፤ እርሱም የሠርግ ካርድ ነው። ካርዱ ስንት እጥፍ ይሁን? ፖስታው ምን ዓይነት ቀለም ይኑረው? የሙሽሮቹ ስም በወርቃማ ይጻፍ ወይስ በብርማ? በዚህ ላይ ደግሞ «የሙሽሮቹ ድረ ገጽ» የሚባል ተጨምሯል። ጉዳዩ ትንሽ የሚመስለው ካለ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያንብብልኝ።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። በመርሳ ከተማ አንድ ቤተሰብ ልጁን ሲድር ሦስት መቶ ካርድ አሳተመ። ካርዱ ደሴ ድረስ ተሄዶ የተሠራ፣ እንደ በር በሁለት በኩል የሚከፈት፣ ሪባን የታሰረለት ነበር። ለነጋዴው፣ ለመንግሥት ሠራተኛው፣ ከወልድያና ከአዲስ አበባ ለሚመጣው እንግዳ ተደለደለና አለቀ። በአጥር የምትዋሰነው ጎረቤት ግን አልደረሳትም። ይህች እናት ባሏ የሞተባት፣ በዚያ ቤት ሐዘን ሲገባ እንጀራ የጋገረች፣ ወሊድ ሲሆን ገንፎ ያገነፋች፣ ሃያ ዓመት በክፉም በደጉም አብራ የኖረች ሴት ናት። በሠርጉ ቀን በሯን ዘግታ ዋለች። ለምን እንደቀረች በኋላ ስትጠየቅ፣ «ወረቀት የሌለው አይገባም ሲሉ ሰማሁ፤ በር ላይ ቆሜ እንዳላሳፍራቸው ብዬ ነው» አለች። ቤተሰቡም ሊበድላት አስቦ አልነበረም። «እርሷ ቤተኛ አይደለችም እንዴ? ለእርሷ ደግሞ ምን ካርድ ያስፈልጋታል?» አሉ። ይህን ይበሉ እንጂ በሩ ላይ ካርድ የሚቀበል ጎረምሳ ያቆሙት እነርሱ ራሳቸው ናቸው!

ለመሆኑ ሸሪዓ ከእኛ የሚፈልገው ምንድን ነው? ኒካሕ እንዲታሰር የሚያስፈልጉት ነገሮች ግልጽ ናቸው። የሴቷ ወሊይ፣ ሁለት ምስክሮች፣ የሁለቱ ወገኖች ቃል ናቸው፤ መህሩም የሴቷ ሐቅ ነው። ከዚያ ጋብቻው እንዲታወቅ ማድረግና እንደ አቅም ወሊማ ማብላት ሡንና ነው። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካርድ የለም። ካርድ ሐራም ነው እያልኩ እንዳልሆነ አንባቢ ይገንዘብልኝ። ጋብቻን ለማሳወቅ የሚረዳ መሣሪያ እንደመሆኑ በመሠረቱ የተፈቀደ ነገር ነው። ጥያቄው መሣሪያው ጌታ ሲሆን፣ ሊጠራ የተሠራው ወረቀት ማገጃ ሲሆን ምን እንበለው የሚለው ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ የጥሪ ካርዳቸው ማን እንደነበር ታውቃላችሁን? አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ነበር! ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው አነስ፣ እናቱ ኡሙ ሱለይም ያዘጋጀችውን ምግብ ይዞ ሲሄድ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስም የጠቀሷቸውን ሰዎችና በመንገድ ያገኘውን ሁሉ እንዲጠራ አዘዙት። የመጡት ሰዎች ሦስት መቶ ያህል እንደነበሩ በሙስሊም ዘገባ ተነግሯል። እንግዲህ አስተውሉ! የእኛም ካርድ ሦስት መቶ፣ የእርሳቸውም እንግዳ ሦስት መቶ። በእኛ ድግስ በአጥር የምትዋሰነው ቀረች፤ በእርሳቸው ወሊማ በመንገድ ያለፈው ገባ። ሀብታም ተጠርቶ ድሀ የሚተውበት የወሊማ ምግብ ከምግብ ሁሉ የከፋ መሆኑንም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያስተምረናል። ስለዚህ በር ላይ ካርድ ስንጠይቅ የምንጠይቀው ምን እንደሆነ እናስብበት።

ሌላም አለ። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) በመዲና ሲያገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩን ያወቁት በልብሱ ላይ የሽቶ ቀለም አይተው ከጠየቁት በኋላ ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ፣ ከቅርብ ባልደረቦቻቸው አንዱ አግብቶ አልጠራቸውም! ተቀየሙን? አልተቀየሙም። በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረጉለት፤ በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት። እኛ ግን «ካርዱ ላይ ስሜ በእጅ ተጻፈ እንጂ አልታተመም» ብለን እንኳረፋለን።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ወሎ ሰውን መጥራት ከማንም መማር የማያስፈልገው አገር ነው። አባቶቻችን የሠርግ ጥሪ የሚያደርሱት በሰው ነበር። የተላከው ሰው ደጃፍ ላይ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የእገሌ ልጅ ኒካሕ በዚህ ቀን ነው ብሎ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ ዱዓ ተቀብሎ ይመለሳል። ቅሬያችን ደግሞ የቀብር ማኅበር ብቻ አይደለም፤ ለሠርግም ድንኳኑ፣ ድስቱና ሰሐኑ ይወጣል። የቅሬ አባል የሆነ ሁሉ ደስታንም ሐዘንንም እንዲካፈል ቀድሞውኑ የተጠራ ነው። በሐዘን ቀን ያለ ወረቀት የሚመጣውን ሰው በደስታ ቀን ወረቀት መጠየቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የዳናን ሼኾች ባፈራው ሐብሩ ውስጥ እየኖርን፣ ዒልም ፍለጋ ከሩቅ የመጣ ደረሳ ማን ነህ ሳይባል በሚበላበት አገር እየኖርን፣ ይህ አይመጥነንም።

አሁን ወደ ወጪው እንግባ። ካርድ ለምን ይወደዳል? ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በማተሚያ ቤት እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት ይሠራለታል፤ የፕሌቱ ወጪ መቶ ቢታተምም ሺህ ቢታተም ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ቀለም በጥቂት ቅጂ ማሳተም አንዱን ካርድ ያስወድዳል። ወርቃማው ጽሑፍ ደግሞ የብረት ቅርጽ ተሠርቶለት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ሌላ ወጪ አለው። ሪባኑና ድርብ ፖስታው በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ሌላ ነው። ወፍራሙ ወረቀት ከውጭ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን ላይ እንደደረሰ ለመርሳ ነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ይህን ወጪ የሚሸከመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሙሽራው ብቻ አይደለም። ከሐብሩ ቀበሌዎች፣ ከግራናም ከውርጌሳም፣ ስንት እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት እንደሚሠሩ እናውቃለን። እህት እንቅልፏን አጥታ፣ እጇ በሳሙና ተልጦ የላከችው ገንዘብ አንድ ቀን ተነቦ ለሚጣል ፖስታ ሲውል አላህን (ሱ.ወ) አንፈራምን? ሌላው የባሰው ደግሞ ይህ ነው። መህሩ «ወደፊት ይከፈላል» ተብሎ በዱቤ ሲታሰር፣ ካርዱ ግን በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል! መህር አላህ በሱረቱ-ን-ኒሳእ ለሴት ያዘዘላት ሐቅ ነው፤ ካርድ ደግሞ የጎረቤት ፉክክር ያዘዘብን ነው። ከሁለቱ የቱ ይቅደም?

በካርዱ ላይ ስለሚጻፈውም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን በሱረቱ-ር-ሩም ውስጥ ስለ ባልና ሚስት መዋደድና መተዛዘን የሚናገረውን አንቀጽ ከነዐረብኛው በካርዱ አናት ላይ እናሳትማለን። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ከሠርጉ ማግሥት ያ ካርድ የት ይወድቃል? በድንኳኑ ሥር ሲረገጥ፣ ከቆሻሻ ጋር ሲጠረግ፣ ቆሎ ሲጠቀለልበት ያላየ ማን አለ? የአላህን ስም ለማክበር ብለን ለውርደት መዳረጋችን አይደለምን? አንቀጹን በኒካሑ ቀን ኡስታዙ ያንብበው፤ በልባችን ይጻፍ። በወረቀቱ ላይ ሰላምታና ቀጠሮው ይበቃል።

የድረ ገጹ ነገርስ? «ዘመናዊ ነው፤ ወረቀት ይቆጥባል» ይባላል። በነጻ የሚገኝ ከሆነና ሩቅ ላለ ዘመድ መልእክት የሚያደርስ ከሆነ አልቃወምም። በጂዳና በሪያድ ላለ ወንድም ካርድ በፖስታ ከመላክ በስልክ አንድ መልእክት መላክ ይሻላል። ለዚያ ግን የድረ ገጽ ስም በየዓመቱ መከራየት፣ ለሠሪ መክፈል ምን ያደርጋል? በቴሌግራም የሚላክ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያንኑ ይሠራል። በሌላ በኩል እናትና አባቶቻችን ስልካቸው ድምፅ ብቻ የሚያስተላልፍ ነው። ደግሞም ይህ አካባቢ ስልክ አለኝ ብሎ የሚተማመንበት አካባቢ እንዳልሆነ ያየነው ነው። በ2014 ዓ.ም. መርሳን ጨምሮ የሰሜን ወሎ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙባቸው ወራት ስልክም መብራትም አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእነዚያ ወራትም ሰው ተጋብቷል፤ ጥሪውም በሰው አፍ ደርሷል። ከሁሉ በላይ ግን የሙሽራይቱን ፎቶግራፍ ዓለም ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ መለጠፍ ምን ማለት ነው? ለባሏ የተሸለመችውን ልጅ ለማያውቃት ሁሉ ማሳየት ከሐያእ ጋር እንዴት ይስማማል?

«አንድ ቀን ናት፤ ደስ ይበላቸው» የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት ነው፣ አንድ ቀን ናት። ዕዳዋ ግን አንድ ቀን አይደለችም። «ሰው ምን ይለናል?» የሚሉም አሉ። ሰውማ ካርዱ ቢያምርም ድግሱን ያማል፤ ድግሱ ቢያምርም ሙሽራውን ያማል። የሰው አፍ በወርቃማ ቀለም አይዘጋም። «ቁጥሩን ለማወቅ ካርድ ግድ ነው» የሚለው ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው።

መልሱ ይኸውላችሁ። መጀመሪያ ሰው ሳይሆን ቤት ይቆጠር፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት አምስት ካርድ አያስፈልግም፣ «ከነቤተሰብዎ» የሚል አንድ ይበቃል። የቅሬ አባላትና ጎረቤቶች በአንደበት፣ በእግር ተሄዶ ይጠሩ፤ የመስጂዱ ጀመዓም ከሶላት በኋላ ይነገረው። ካርድ ከሩቅ ለሚመጣና መረጃ ለሚያስፈልገው እንግዳ ብቻ ይሁን። እርሱም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ገጽ፣ ያለ ፖስታ ይታተም። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ለአራት ቢቆረጥ አራት ካርድ ይወጣዋል፤ ለሁለት መቶ ካርድ ሃምሳ ወረቀት በቂ ነው። ይህን ለማተም ደሴ መሄድ አያሻም፤ ፎቶ ኮፒ ያለበት ሱቅ ይሠራዋል። ቀኑ በሒጅራም በኢትዮጵያም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ሰዓቱም «ከዙህር ሶላት በኋላ» ከተባለ ሁሉም ያውቀዋል። ከመታተሙ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው፤ የተሳሳተ ቀን ማረም ድጋሚ ማሳተም ነውና። በሩ ላይ ግን ካርድ የሚቀበል አይቁም! ይልቅስ እንግዳ የሚያስገባ ሽማግሌ ይቁም።

የተረፈው ገንዘብ ለመህሩ ይጨመር፤ ወይም አንድ ተጨማሪ በግ ይገዛበትና ያልተጠሩት ይጠሩበት።

እናንተ በዚህ ዓመት የምትድሩ አባቶች ሆይ! ከማተሚያ ቤት በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። እናንተ ሙሽሮች ሆይ! ጋብቻችሁን በዕዳ አትጀምሩ። እናንተ ኢማሞችና የቅሬ ሹሞች ሆይ! ይህን ነገር በየሰፈሩ ብትነጋገሩበትና በአንድ ላይ ብትወስኑ፣ አቅም አጥቶ ኒካሑን ለሚያዘገየው ወጣት በር ትከፍታላችሁ፤ ብቻውን ቢያደርገው የሚታማበትን ነገር ሁሉም ሲያደርገው አያፍርበትምና።

ያቺ እናት ዛሬም እዚያው ሰፈር አለች። ያ ቤተሰብ በሚቀጥለው ሌላ ልጁን ሲድር መጀመሪያ የሚጠራት እርሷን ይሆን ዘንድ አላህን እንለምናለን። ኒካሖቻችንን አላህ የበረካ ያድርግልን፤ ከማባከንም ከመሰሰትም ይጠብቀን። አሚን! ወላሁ አዕለም።