ስሙ ስላልተጠየቀው ሰው፦ በእሽቅድምድም ሜዳ ስለሚቆሙ ፎቶግራፍ አንሺዎች

ሥዕል ያለበት ጋዜጣ ወደ ቤት በገባ ጊዜ፥ ማንበብ የሚችለው አባትም ገና ፊደል ያልቈጠረው ሕፃንም በአንድነት የሚመለከቱት ሥዕሉን ነው። በሥዕሉም ላይ አንድ ፈጣን ነጂ የታየ እንደ ሆነ፥ «ይህ ሰው ማን ነው? አገሩስ ወዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። «ይህን ሥዕል ያነሣውስ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን ነጂው እንደ ነጐድጓድ እየጮኸ ሲያልፍ ከአጠገቡ ቆሞ የጠበቀው፥ ከብዙ ሺህ ቅጽበት መካከል አንዲቱን መርጦ ለእኛ ያስቀረልን፥ ያ ስሙ ያልተጠየቀው ሰው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስፒድዌይ የሚባለውን የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ስለሚያነሡ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ዓመታቱን የጻፍነው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የአንሺውን ብልሃት ለመረዳት አስቀድሞ ጨዋታውን ማወቅ ይገባል። ስፒድዌይ በዕንቍላል አምሳል በተሠራ የዐፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ ውድድር ነው። የሜዳው ዙሪያ ከ260 ሜትር አያንስም፥ ከ425 ሜትርም አይበልጥም። በአንድ ግጥሚያ 4 ነጂዎች በአንድ መሥመር ተሰልፈው ይነሡና ሁልጊዜ ወደ ግራ እየታጠፉ 4 ዙር ይዞራሉ። አንደኛ የወጣው 3 ነጥብ፥ ሁለተኛው 2፥ ሦስተኛው 1 ያገኛል፤ መጨረሻ የቀረው ምንም አያገኝም። ሞተር ብስክሌቱ ባለ 500 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አንድ ሲሊንደር ሞተር አለው፤ የሚጠጣውም ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለው መሆኑ ነው።

የዚህ ጨዋታ አጀማመር ሲተረክ፥ በአውስትራልያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በዌስት ሜትላንድ ከተማ በ1923 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሚስተር ጆኒ ሆስኪንስ ያሰናዱት ውድድር ከሁሉ አስቀድሞ ይነሣል። በ1928 ዓ.ም. በየካቲት ወር በሎንዶን አጠገብ በኤፒንግ ጫካ ውስጥ ሃይ ቢች በሚባለው ስፍራ ውድድር በተደረገ ጊዜ የእንግሊዝ አገር ሕዝብ በብዛት ተሰበሰበ፤ ከዚያም ወዲያ ጨዋታው በየከተማው ተስፋፋ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና መጨረሻ ግጥሚያ በ1936 ዓ.ም. በሎንዶን በዌምብሌ ስታዲየም ተደርጎ አውስትራልያዊው ላዮኔል ቫን ፕራግ አሸነፈ። ዛሬ ይህ ጨዋታ በፖላንድ፥ በስዊድን፥ በዴንማርክና በእንግሊዝ አገር ብዙ ወዳጅ አለው፤ ይልቁንም በፖላንድ ፍቅሩ እጅግ የበረታ ነው።

እንግዲህ ፍሬን የሌለው ሞተር ብስክሌት እንደዚያ እየበረረ መጥቶ እንዴት ይታጠፋል? ነጂው መታጠፊያው በቀረበ ጊዜ የኋላውን ጎማ ዐውቆ ያንሸራትተዋል። በዚህ ጊዜ ሞተር ብስክሌቱ ወደ ግራ ሲዞር የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ይመለከታል፤ ለማያውቅ ሰው ነገሩ የተገላበጠ ይመስላል። የነጂው ግራ እግር፥ ከጫማው በታች ብረት የታሰረለት፥ መሬቱን እየነካ ይሄዳል። የደቀቀው ድንጋይም ከኋላ ጎማው ሥር እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ወደ ውጭ ይረጫል። ይህ ሁሉ በአንድነት የሚታየው ከአንድ ትንፋሽ ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ሌሊቱን ሙሉ የሚያድነውም ይህንኑ ነው።

ነገሩን በቍጥር ብንመረምረው የአንሺው ችግር ይገለጥልናል። አንድ ሞተር ብስክሌት በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚሮጥ እንደ ሆነ፥ በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ያልፋል። የካሜራው መዝጊያ ለአንድ ሴኮንድ አንድ መቶኛ ክፍል ቢከፈት፥ ሞተር ብስክሌቱ በዚያች ቅጽበት 28 ሴንቲሜትር ይራመዳል፤ ሥዕሉም እንደ ጉም የደበዘዘ ይሆናል። መዝጊያው ለአንድ ሺኛ ክፍል ብቻ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን የሚራመደው 3 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያን ጊዜ የነጂው ዓይን፥ የጓንቱ ስፌት፥ በአየር ላይ ያለችውም ጠጠር ሳትቀር ትታያለች። ሆኖም መዝጊያው እንደዚህ ፈጥኖ ሲዘጋ የሚገባው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው፤ ከእነዚህም ውድድሮች ብዙዎቹ የሚደረጉት በምሽት በመብራት ነው። እንግዲህ አንሺው ፍጥነትን ሲሻ ብርሃን ያጣል፥ ብርሃንን ሲሻ ፍጥነት ያጣል። ጥበቡም በሁለቱ መካከል መንገድ መፈለግ ነው።

አንዳንዶቹ ሌላ ብልሃት አላቸው። መዝጊያውን ጥቂት ያዘገዩና ካሜራውን ከነጂው ጋር እኩል እያዞሩ ያነሣሉ። ያን ጊዜ ነጂው ጠርቶ ይወጣል፤ ከኋላው ያለው ሕዝብና አጥሩ ግን እንደ ተጐተተ ክር ይሆናል፤ ሥዕሉም የሚሮጥ ይመስላል። በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሣ አንድ ፈረንሳዊ አለ፤ እርሱም ዣክ አንሪ ላርቲግ ነው። ይህ ሰው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ገና ወጣት ሳለ በአገሩ በተደረገ የአውቶሞቢል ውድድር ላይ ካሜራውን እያዞረ አንድ ሥዕል አነሣ። የዚያን ጊዜው መዝጊያ እንደ ስንጥቅ ሆኖ በመስታወቱ ሰሌዳ ላይ በዝግታ የሚያልፍ ስለ ነበረ፥ የመኪናው ጎማ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ፊት ያዘነበለ ዕንቍላል መሰለ፤ በመንገድ ዳር የቆሙት ሰዎች ደግሞ ወደ ኋላ የወደቁ መሰሉ። ጎማ በእውነት እንዲህ አይጣመምም፤ ነገር ግን ሥዕሉን ያየ ሁሉ ፍጥነት በዓይኑ የታየው ይመስለዋል። የላርቲግ ሥራ በ1963 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከታየ ወዲህ በዓለም ሁሉ ታወቀ።

ስለ ብርሃኑም ችግር ሊቃውንት ዝም አላሉም። በጥንት ጊዜ አንሺዎች የማግኒዝየም ዱቄት እያቃጠሉ ያበሩ ነበር፤ በኋላም አንድ ጊዜ ብቻ በርታ የምትጣል የፍላሽ አምፑል ተሠራች። በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ሃሮልድ ኤጀርተን፥ እጅግ አጭር የሆነና ደጋግሞ የሚያበራ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በሥራ ላይ አውለው፥ ዓይን ከቶ ሊያየው የማይችለውን ነገር በሥዕል አሳዩ። የዛሬው አዲስ ካሜራ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ 20 ሥዕል ለማንሣት ይችላል። «እንግዲያስ ሥራው ቀለለ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቀደም ብለን በቈጠርነው ፍጥነት ከአንዱ ሥዕል እስከሚቀጥለው ድረስ ነጂው 1 ሜትር ተኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው መንገድ ያልፋል። የተፈለገችው ቅጽበት በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ሾልካ ልትጠፋ ትችላለች። መሣሪያው ቢበዛም ቅጽበቲቱን ዐውቆ የሚጠብቃት ሰው ነው።

ይህም ዕውቀት የሚገኘው ጨዋታውን በመውደድና ለብዙ ዘመን በመመልከት ነው። በአገራችን የጉግስ ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ብልህ ፈረሰኛ ጋሻውን የሚመልሰው ዘንጉ ከተወረወረ በኋላ አይደለም፤ የተከታዩ ክንድ ገና ሲነሣ ነው። እንደዚሁም ጥሩ አንሺ ነጂው እስኪንሸራተት አይጠብቅም። የትከሻውን አያያዝ አይቶ፥ ይህ ነጂ በውስጥ በኩል ሊቀድም ነው፥ ያኛው በአጥሩ ሥር ሊያልፍ ነው ብሎ አስቀድሞ ያውቃል። ሥዕል ሁሉ ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን፥ ነጂዎቹ የሚለዩበት የራስ ቍር ቀለም በሥዕሉ ላይ አይታይም ነበር፤ ስለዚህ አንሺው እያንዳንዱን ነጂ እንደ ቤተ ሰቡ በአቀማመጡ መለየት ነበረበት።

የሚቆምበትም ስፍራ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ ሜዳዎች አንሺዎች የሚቆሙት በዕንቍላሉ መካከል ባለው ሣር ላይ ነው። ሞተር ብስክሌቶቹ ወደ ግራ ስለሚታጠፉ፥ ከመካከል የቆመ ሰው የነጂውን ፊትና ያንን መሬት የሚነካ እግር ፊት ለፊት ያያል፤ የሚረጨውም ድንጋይ ወደ ውጭ ስለሚሄድ አይደርስበትም። ይሁን እንጂ ሞተር ብስክሌት ነጂውን ጥሎ ወደ መካከል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ነጂው በወደቀ ጊዜ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጁ አንጓ ላይ ማጥፊያ ገመድ ይታሰርለታል። አንሺው ግን በዚህ ብቻ አይታመንም፤ አንድ ዓይኑን በካሜራው፥ ሌላውን በአደጋው ላይ አድርጎ ይሠራል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በቀድሞው የዓለም ሻምፒዮና መጨረሻ ውድድር 16 ነጂዎች ይቀርቡና እያንዳንዱ ከሌሎቹ ጋር አንድ አንድ ጊዜ እንዲገናኝ 20 ግጥሚያ ይደረግ ነበር። አንዱ ግጥሚያ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ምሽቱን ሙሉ ተቀምጦ ቢያይም፥ የውድድሩ ጊዜ ሁሉ ቢደመር ከ20 ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። በመስታወት ሰሌዳ ይሠሩ የነበሩት አንሺዎች አንድ ሥዕል ካነሡ በኋላ ሰሌዳውን እስኪለውጡ ድረስ ነጂዎቹ አልፈው ይሄዱ ነበር። በአንድ ዙር አንድ ዕድል ማለት ነው። ስለዚህ ያች ያረጀች ሥዕል በእጃችን በገባች ጊዜ፥ ከብዙ ከንቱ ድካም የተረፈች መሆንዋን ማሰብ ይገባናል።

አሁን ደግሞ ከብልሃት ይልቅ ኅሊናን ወደሚመለከተው ነገር እንመጣለን። ይህ ጨዋታ ሰው የሚጐዳበት ጨዋታ ነው። ምንም እንኳ ዛሬ በታላላቅ ሜዳዎች መታጠፊያ ላይ በአየር የተነፋ መከላከያ ቢደረግ፥ አደጋው ፈጽሞ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. ከ21 ዓመት በታች የሆኑት የዓለም ሻምፒዮን የነበረው እንግሊዛዊው ሊ ሪቻርድሰን፥ በ2012 ዓ.ም. በግንቦት ወር በፖላንድ በቭሮትስዋቭ ከተማ ሲወዳደር ወድቆ በዚያው ቀን ዐረፈ። እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ጊዜ አንሺው በሜዳው ላይ ነው፤ ጣቱም በካሜራው ላይ ነው። የወደቀውን ሰው ሥዕል ጋዜጣ ሁሉ ይፈልገዋል፤ ዋጋም ያወጣል። ነገር ግን ያንኑ ሥዕል የወደቀው ሰው እናት፥ ሚስትና ልጆችም ያዩታል። የአደጋ ሥዕል ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ አደጋው የተነሣበትን ምክንያት ለመመርመርና መከላከያውን ለማሻሻል ይረዳልና። ሆኖም የሰውን ጭንቅ ለመሸጥ ብሎ የሚያነሣና የሰውን ሙያ ለማሳየት ብሎ የሚያነሣ አንድ አይደሉም። በጨዋታው ወዳጆች ዘንድ ክብር የሚገባው፥ ነጂው በሙያው ከፍ ብሎ የታየባትን ቅጽበት የሚያድን ነው። ነጂው በሞተ ጊዜ በቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለልጁ «አባትህ ይህን ይመስል ነበር» የሚያሰኘው እንደዚህ ያለው ሥዕል ነውና።

ሥዕል ከሰው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ከድንጋይም ዕድሜ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተደረገበት የዌምብሌ አሮጌ ስታዲየም በ2003 ዓ.ም. ፈርሶ አልቋል፤ አሁን በስፍራው ያለው በ2007 ዓ.ም. የተከፈተ ሌላ ሕንፃ ነው። በማንችስተር ከተማ በ1929 ዓ.ም. የተከፈተው የቤል ቪው የሃይድ ሮድ ሜዳ በ1987 ዓ.ም. ተዘግቶ ቀርቷል። በእነዚያ ሜዳዎች የነበረው የሕዝብ እልልታና የሞተር ጩኸት ጠፍቷል። የቀረው ራይት ዉድ፥ አልፍ ዊዶንና ማይክ ፓትሪክን የመሳሰሉት አንሺዎች ያስቀሩት ሥዕል ነው፤ የጨዋታው ታሪክ በመጽሐፍ ሲታተም ገጹን የሚሞላው የእነርሱ ሥራ ነው።

ይህም ሥዕል የሚጠቅመው ከጀርባው ወይም ከማኅደሩ ላይ ስም፥ ቀንና ስፍራ የተጻፈበት እንደ ሆነ ነው። ያልተጻፈበት ሥዕል ግን አፍ እንደሌለው ምስክር ይሆናል፤ ፊቱ ይታያል፥ ነገር ግን ማን እንደ ሆነ አይናገርም።

ከዚህ ለቤታችን የሚሆን ትምህርት እናገኛለን። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የአያቶቻችን፥ የሠርግና የክርስትና ሥዕል ተቀምጧል። አሁንም በየስልካችን ውስጥ የልጆቻችን ሥዕል በሺህ ተከማችቷል። አያቲቱ በሕይወት ሳሉ «ይህ ማን ነው? ይህስ በየት አገር ነው?» ብለን ያልጠየቅን እንደ ሆነ፥ ነገ የሚነግረን የለም። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ወይም ከልጆች ጽሕፈቱ ያማረው በአንድ የዕረፍት ቀን ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀምጦ፥ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ በለዘበ እርሳስ ስሙን፥ ዘመኑንና ስፍራውን ይጻፍ። ያነሣው ሰው የታወቀም እንደ ሆነ የእርሱም ስም አይቅር። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው ነው። ሥዕሉም ጽሑፍ ሲጨመርበት እንዲሁ ለልጅ ልጅ ይወረሳል።