ሽማግሌ የሥዕል ተረት ቢመለከት ነውር ነውን?

በመንዝና በግሼ፥ በመርሐ ቤቴም አገር መብራትና ቴሌቪዥን በደረሰባቸው ከተሞች፥ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ፥ ማታ ማታ ቤተ ሰብ በአንድነት ተሰብስቦ መመልከቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። ልጆቹ ካርቱን የሚሉትን የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሲመለከቱ አያታቸው ከጎናቸው ተቀምጠው ሳቅ ያመለጣቸው እንደ ሆነ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ሳቁን ይሸሽጋሉ። እንግዳ ሲገባም ፊታቸውን መልሰው ያላዩ ይመስላሉ። ሲስቁ ያያቸው ሰው «ጃጁ» እንዳይላቸው ይፈራሉና። በመሥሪያ ቤት ያለውም ሹም በቤቱ ከልጆቹ ጋር የተመለከተውን የሥዕል ተረት በባልንጀሮቹ ፊት ለማውራት ያፍራል። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ ስላይደለ ጥቂት ልንናገርበት ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ተቃውሞ ከመጻሕፍት የተገኘ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ፥ በ13ኛው ምዕራፍ፥ ሰው ሲጎለምስ የልጅነትን ጠባይ እንደሚተው ጽፏል ይባላል። እውነት ነው፥ ጽፏል። ዳሩ ግን በሚከተለው በ14ኛው ምዕራፍ ሐዋርያው ሁለቱን ነገር ለይቶ ያሳያል፤ በማስተዋል በኩል ሕፃን መሆንን ይከለክላል፥ ክፋትን ባለማወቅ በኩል ሕፃን መሆንን ግን ያመሰግናል። እንግዲህ እንድንተወው የታዘዝነው የሕፃንን አእምሮ ነው እንጂ የሕፃንን ደስታ አይደለም።

ደግሞ በመጽሐፈ መሳፍንት በ9ኛው ምዕራፍ የጌዴዎን ልጅ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች ምን ነገራቸው? ዛፎች የሚያነግሡትን ሊፈልጉ እንደ ወጡ፥ ወይራውም በለሱም ወይኑም እምቢ እንዳሉ፥ እሾሁ ግን እሺ እንዳለ ነገራቸው። ይህ ዛፍ የሚናገርበት ተረት የተነገረው ለሕፃናት አልነበረም። የሰሙት ለአቤሜሌክ ብር ቈጥረው የሰጡት፥ በዚያም ብር የገዛ ወንድሞቹን ሲያስገድል ዝም ያሉት የከተማው ታላላቆች ናቸው። ኢዮአታም ተረቱን አስቀድሞ ፍቺውን ኋላ ማስከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥፋተኛ ሰው ወቀሳ ሲጀመር ጆሮውን ይደፍናልና፥ የዛፍ ነገር ሲነሣ ግን ጆሮውን ያቀናል። ካህናቶቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አራዊትን እያነሣ የሃይማኖትን ነገር የሚያስተምረውን ፊሳልጎስን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት ሊቃውንት ሕፃናት አልነበሩም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር በታች የተሣለውን ዘንዶ ሲያይም «ይህ የልጅ ሥዕል ነው» ብሎ ያለፈ ሽማግሌ አልሰማንም።

ከመንዝ ተወላጆች አንዱ የሆኑት ክቡር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በሚባለው መጽሐፋቸው እንስሳትን እያነጋገሩ በግጥም ጽፈዋል። ይህን መጽሐፍ በተማሪ ቤት ያጠኑት ልጆች አርጅተውም ቃሉን አልረሱትም፤ በሸንጎም በለቅሶ ቤትም ይጠቅሱታል፥ የሚነቅፋቸውም የለም። ታዲያ ያው እንስሳ በወረቀት ላይ በቃል ሲናገር ጥበብ ከተባለ፥ በመስኮት ላይ በሥዕል ሲናገር የልጅ ነገር የሚሆነው በምን ምክንያት ነው?

ምናልባት ሽማግሌዎች ራሳቸው «እኛን ደስ አይለንም» ይሉ ይሆናል። እኛ እንደሚመስለን ግን ደስታውን የሚከለክላቸው ዕድሜ ሳይሆን ቋንቋ ነው። በአገራችን ልጆች ፊት የሚቀርበው የሥዕል ተረት የሚበዛው በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ የሚነገር ነው፤ ሰውዬው የማይሰሙትን ነገር ሲያዩ ቢያንቀላፉ ማን ይፈርድባቸዋል? ይህንንም ለመረዳት ድመትና አይጥ የሚባረሩበትን «ቶምና ጄሪ» የተባለውን ሥራ መመልከት ይበቃል። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ፊደል የማያውቁት ባልቴት ከተማረው የልጅ ልጃቸው እኩል ይስቁበታል። ይህም ሥራ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1940 ዓመት በአሜሪካ ሲጀመር የታየው በሲኒማ ቤት ነው፥ ከተመልካቾቹም ብዙዎቹ ገንዘብ ከፍለው የገቡ ጎልማሶች ነበሩ። የካርቱን ሥራ ለልጆች ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ የተወለድን ስለ ሆንን ነው።

ስለ ዕድሜ ከተነሣ ደግሞ የጃፓኑን ሠዓሊ ሃያዎ ሚያዛኪን ማንሣት ይገባል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2024 ዓመት ኦስካር የተባለውን ሽልማት በካርቱን ፊልም ሥራቸው ሲያገኙ ዕድሜያቸው 83 ዓመት ነበር። በእኛም አገር ሕዝብ ሁሉ አባባ ተስፋዬ ብሎ የሚጠራቸው አቶ ተስፋዬ ሣህሉ፥ በኮሪያ ዘመቻ የተሳተፉ ሰው ሲሆኑ፥ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች የአንበሳና የጦጣ ተረት ሲነግሩ ኖረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. እስካረፉበትም ጊዜ ድረስ ማንም በዚህ ሥራቸው ጃጁ ያላቸው የለም። ተረቱን ለሚነግር ሽማግሌ ክብር ከተሰጠ፥ ለሚሰማው ሽማግሌ ነውር ሊሆን አይችልም።

ይህን ስንል የእርሻውን ወራት ትቶ፥ የሰዎችን አቤቱታ በጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ቀኑን በመስኮት ፊት የሚያሳልፈውን ሰው እናመሰግናለን ማለታችን አይደለም። እርሱ ካርቱን ቢያይ ወይም ገበጣ ቢጫወት ጥፋቱ አንድ ነው።

የምንፈራው ዋናው ጉዳት የሚከተለው ነው። ቀድሞ በደጋው ብርድ ቤተ ሰብ ባና ለብሶ እሳት ዳር ሲቀመጥ ተረቱን የሚነግሩት አረጋውያን ነበሩ፤ ልጁ የሚስቅበትን እርሳቸው ያውቃሉ፥ የማይገባውንም ቃል ያርማሉ። ዛሬ የእሳቱን ቦታ ቴሌቪዥን ሲይዝ አያት በሐፍረት ተነሥተው ወደ ውስጥ ቢገቡ፥ ልጁ ከማያውቀው ተራኪ ጋር ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ምን እንደ ተማረ የሚጠይቀው የለም፤ የአገሩን ተረት የሚያስታውሰውም የለም። ሹማምንትም እንዲሁ ነገሩን የልጅ ጨዋታ ብለው ስለሚንቁት የአገር ተረት በሥዕል እንዲሠራ ገንዘብ ሲጠየቁ ከሁሉ በኋላ ያኖሩታል። የሥራውን ክብደት ባለማወቃቸው ይመስለናል፤ ሲኒማ በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋልና፥ ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያሳየ ቢቈጥብ እንኳ ለአንድ ደቂቃ ተረት 720 ሥዕል ያስፈልገዋል። ቢሆንም ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከጓደኞቿ ጋር ያቀረበችው፥ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ በአማርኛ የምታስተምርበት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው ዝግጅት፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2008 ዓመት በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ተሸልሟል።

ለመንዝ ሰው ደግሞ ወሬው ሩቅ አይደለም። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት በጠበቀው በጓሳ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል አይጥ እያደነ ይመላለሳል፥ ግልገሎቻቸውንም አይነካም፥ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ይህን ሊቃውንት መርምረው ጽፈውታል፥ እረኞችም አስቀድመው ያውቁታል። እንዲህ ያለውን ጉርብትና አንድ ሠዓሊ በሥዕል ቢያንቀሳቅሰው፥ ቀበሮው ሲያደባ ጆሮውን ወዴት እንደሚያዞር፥ ጭላዳውም ሣሩን በየትኛው ጣቱ እንደሚነጭ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሊያውቅ አይችልም፤ ሥዕሉን ይዞ ወደ መሐል ሜዳ ይውጣና በእነዚያ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው በሚስቡት ሽማግሌ ፊት ያሳየው፥ የተሳሳተውን ያርሙለታል።