በሐሳብ የቆመ ግንብ

ባለፈው እሑድ በኮልፌ ቀራንዮ በቤታችን ተቀምጠን ሳለ፥ ትንሹ ልጄ በመጽሐፍ ውስጥ የታተመውን የጥንት የአክሱም ቤተ መንግሥት ሥዕል አሳየኝና፦ «አባባ፥ ይህ ቤት ዛሬ የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳልመረምር፦ «በአክሱም ነበረ፤ ፈረሰ» ብዬ መለስሁለት። ሌሊት ነገሩን ሳስበው ግን፥ መልሴ ግማሹ ብቻ እውነት መሆኑን ተረዳሁ።

በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ፈቃድ ከጀርመን አገር የመጡ ሊቃውንት የአክሱምን ፍርስራሽ መርምረው ነበር። ከእነርሱም አንዱ፥ ዳንኤል ክሬንከር የሚባለው የሕንፃ ዐዋቂ፥ ታዓካ ማርያም የተባለውን የታላቁን ሕንፃ መሠረት ለካ። ከመሠረቱ በላይ ያለውን ግን ያየ ሰው ስላልነበረ፥ በሐውልቶቹ ላይ ከተቀረጹት ከማይከፈቱት በሮችና መስኮቶች፥ ከደብረ ዳሞም ቤተ ክርስቲያን የእንጨትና የድንጋይ አሠራር እያመሳሰለ፥ ግንቡን በሐሳቡ አቁሞ ሣለው። ልጄ ያየው ሥዕል ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በአውሮፓም የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1720 እስከ 1778 የኖረው ኢጣሊያዊው ፒራኔዚ የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባና በመርፌ ይጭር ነበር፤ የተጫረውንም በአሲድ አስበልቶ፥ ቀለም ሞልቶ፥ በወረቀት ላይ ያትመዋል። በዚህም ጥበብ የሮማን ፍርስራሽ፥ ደግሞም ከቶ ያልተሠሩ ሰፋፊ ወህኒ ቤቶችን ሣለ። ነገር ግን ወህኒ ቤቶቹ የሐሳብ ፈጠራ መሆናቸውን ራሱ በርእሱ ጽፎታልና ማንንም አላሳሳተም።

የታዓካ ማርያም ፍርስራሽ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራበት አብዛኛው ጠፋ። ስለዚህ ያ የተለካ ንድፍ ዛሬ ለጠፋው ድንጋይ ምስክር ሆኖ ቀርቷል። ነገር ግን በችሎት ምስክር ያየውንና የገመተውን ለይቶ እንዲናገር እንደሚጠየቅ፥ ሥዕልም እንዲሁ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በማግሥቱ ልጄን ጠርቼ ስሕተቴን ነገርሁት። ሥዕሉንም በሌላ ወረቀት ገለበጥነው፤ የተለካውን መሠረት በጥቁር ቀለም፥ የተገመተውን ግንብ በእርሳስ አደረግነው።

ወላጆች ሆይ፤ በሰፈራችን የአባቶቻችን የጭቃ ቤት እየፈረሰ በፎቅ ይተካል። ሳይፈርስ ከልጆቻችሁ ጋር በእርምጃ ለክታችሁ ሣሉት። የፈረሰውንም ከአረጋውያን ጠይቃችሁ በእርሳስ ጨምሩበት። ከዚያ በኋላ ልጁ «የት አለ?» ቢል፥ የምትሰጡት መልስ ሙሉ ይሆናል።