ኪሳችን ውስጥ ያለው ራዲዮሎጂስት

ባለፈው ሰሞን ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በቴሌግራም የደረት ራጅ ፎቶ ላከልኝ። ዲዩቲ ላይ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ቻትጂፒቲ ኖርማል ነው ይላል። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ራጁ ኖርማል አልነበረም። የቀኝ ሳንባ አናት ላይ ጥላ አለ። «አክታ አስመርምር» አልኩት። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጥላው አይደለም። ፎቶው ጥግ ላይ የታካሚዋ ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ያ ስም ከደቡብ ኦሞ ተነስቶ የት እንደደረሰ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ለእኔም ቢሆን እንደዚያ መላክ አልነበረበትም። ያስለመድኩት ግን እኔው ነኝ።

የሚገርመው፣ ይኸው ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት «ኤአይ ለሕክምና አይሆንም፤ ሥራችንን ሊቀማን ነው» ብሎ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረኝ ነው።

አልፈርድበትም። ብዙዎቻችን እንደሱ ነን። ስብሰባ ላይ ስንጠየቅ እንቃወማለን፤ ሌሊት ብቻችንን ስንሆን ከጋውናችን ኪስ እናወጣዋለን።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጄፍሪ ሂንተን የተባለው የዘርፉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2016 «ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ይቁም፤ በ5 ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል» የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። 5 ዓመቱ ካለፈ ቆየ፤ ራዲዮሎጂስት ዛሬም በመላው ዓለም ይፈለጋል። እኛ ጋ ደግሞ ማሽኑ ይቀማዋል የምንለው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ራጁን የሚያነበው ጠቅላላ ሐኪሙ ወይም ጤና መኮንኑ ነው፤ ያውም ደጁ ላይ ወረፋ ተኮልኩሎ።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት፣ እንዲህ ባለ ከሰዓት፣ የአንድ የሐመር አባወራ ራጅ አይቼ «ደህና ነህ» ብዬ መልሼዋለሁ። ከወራት በኋላ ሲመጣ ደም ያስላል። ልጁም አብሮት ያስላል። ያን ቀን ከጎኔ ሆኖ «ቆይ፣ እዚህ ጋ ድጋሚ እይ» የሚለኝ ቢኖር፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ግንባሩን እስመው ነበር።

እንዲህ የሚል ማሽን ደግሞ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች፣ ለቲቢ ልየታ የሚነሳ ዲጂታል የደረት ራጅ በሰው ምትክ በኮምፒውተር ሊነበብ ይችላል ብሎ መክሯል። ሶፍትዌሩ «ቲቢ ነው» ብሎ አይፈርድም። የጥርጣሬ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው አክታው ይመረመራል። ምክሩ ሕፃናትን አይጨምርም። የዳነ ቲቢ የተወው ጠባሳም ሊያሳስተው ይችላል። ቢሆንም የሚችለውና የማይችለው ተለክቶ የታወቀ ነው። ስልካችን ላይ ያለው ቻትቦት ግን ለዚህ ሥራ አልተፈተነም። ሁለቱንም «ኤአይ» ብለን በአንድ ስም ስለጠራናቸው፣ የተፈተነውን በዋናው በር እየመለስን ያልተፈተነውን በጓሮ አስገባነው።

የባለሙያው ስጋት ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ማሽኑ ስቶ ሰው ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? መብራት ሲጠፋስ? ፕሮጀክቱ ሲያበቃ የሶፍትዌሩን ክፍያ ማን ይችላል? ከኦሞራቴ ለመጣች የዳሰነች እናት ውጤቱን በቋንቋዋ የሚያስረዳት ማነው? እነዚህ የፈሪ ጥያቄዎች አይደሉም። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ማርበርግ ጂንካ ላይ ሲከሰት በሽተኛው አጠገብ የቆመው የጤና ባለሙያ ነው፤ ሕይወታቸውን የሰጡም አሉ። ይህን ያህል የከፈለ ባለሙያ የሚሠራበት መሣሪያ ሲመረጥ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ለኃላፊዎች የምለው፦ «ማነው የተጠቀመው?» ብላችሁ ለቅጣት አትፈልጉን። ምን እንደጎደለን ጠይቁን። የተፈተነውን መሣሪያ ከነሥልጠናው አምጡ፤ የመጨረሻው ፊርማ የሰው እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ደግሞ፦ የታካሚ ስም ያለበት ፎቶ ወደየትም አይላክ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣም እንኳ ያቺ ሴት ያመነችው ያከማትን ሰው ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛም የደበቅነው ይኼን ነው።

ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ ደወለልኝ። አክታዋ ፖዘቲቭ ነው፤ መድኃኒት ጀምራለች። «ቻትጂፒቲን አምኜ ቤቷ ብሰዳት ኖሮስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ የዚያ የሐመር አባወራ ፊት ነው የመጣብኝ።

እናንተስ? ተጠቅማችሁ ታውቃላችሁ? አልፈርድም፤ እዚሁ ጻፉልኝ። ብቻ አደራ፣ ኮሜንት ላይ ራጅ እንዳትለጥፉ!