ፍሎውስሩን አትድፉት!

"ድፊው" አልኳት። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ተማሪዬ ለማስተርስ ጥናቷ አንድ ኤንዛይም እያጣራች ነበር። ሁለት ወር የለፋችበትን ናሙና ኮለሙ ላይ ጫነች። ሳይያዝ ያለፈውን ፈሳሽ፣ ማለትም ፍሎውስሩን፣ በቢከር ይዛ "ይሄንንስ ምን ላድርገው?" አለችኝ። እኔም ሳላስብ መለስኩላት። ከዚያ ኮለሙን በጨው ስናጥበው አንዱም ቱቦ ውስጥ ኤንዛይሙ የለም። ለካ ሲንክ ውስጥ ገብቷል። የፈሰሰ ውሃ ደግሞ አይታፈስም። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዝም ብቻ አለች። ዝምታዋ ባሰብኝ።

ምን ሆኖ ነው? አዮን ኤክስቼንጅ ክሮማቶግራፊ ሐሳቡ ቀላል ነው። ሬዚኑ ቻርጅ አለው። ተቃራኒ ቻርጅ ያለው ፕሮቲን ይጣበቅበታል፣ ሌላው ያልፋል። የተጣበቀውን ጨው እየጨመርን እናስለቅቀዋለን፤ የጨው አዮኖች ቦታውን ይሻሙታልና። እስቲ አስቡት፦ ጨው የሚያስለቅቅ ከሆነ፣ ገና ሲጫን ጨው የበዛበት ናሙና እንዴት ይጣበቃል? እኛ ፕሮቲኑን ያዘቀጥነው በአሞኒየም ሰልፌት ነበር። ዲያሊሲሱን በፈር ሳንቀይር አንድ ሌሊት ብቻ አድርገን "ይበቃል" አልን። አልበቃም። ከመጫናችን በፊት ኮንዳክቲቪቲውን ብንለካ እኮ ደቂቃዎች ናቸው!

ክፍል ውስጥ የምናስተምረው ምንድን ነው? "ፒኤቹ ከፒአዩ ከበለጠ ፕሮቲኑ ኔጌቲቭ ነው፤ አናየን ኤክስቼንጀር ተጠቀም።" ትክክል ነው። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ፈተናውንም ያልፋል። ስለ ጨው ግን ማንም አይጠይቀውም። ይሄ በእኔ እምነት የተማሪ ሳይሆን የኛ የመምህራን ጥፋት ነው።

ሌላም ጥፋት አለብን። ሳይያዝ የሚያልፈውን እንደ ቆሻሻ እናያለን። የዕንቁላልን ነጩን ክፍል ውሰዱ። የላይሶዛይም ፒአይ 11 አካባቢ ነው፣ የኦቫልቡሚን ደግሞ 4.5 አካባቢ። ፒኤች 8 ላይ በካታየን ኤክስቼንጀር ብታሳልፉት ላይሶዛይሙ ይያዛል፣ ኦቫልቡሚኑ ያልፋል። ኦቫልቡሚን ለሚፈልግ ሰው እንግዲህ ሀብቱ ያለው ባለፈው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ኮለሙ ለያየ እንጂ ጥሩና መጥፎ ብሎ አልፈረደም።

ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው፦ ፕሮቲኑ የት እንዳለ በአሴይ ሳይረጋገጥ ምንም ነገር አይደፋም። "ፍሪጁ ሞልቷል" የሚል አይጠፋም። አውቃለሁ፣ ሁሌም ሞልቷል። ግን የሁለት ወር ልፋት የአንድ ጠርሙስ ቦታ አይገባውም?

ልጅቷ ከሀ ጀመረች፤ ተመረቀችም። በሁለተኛው ዙር የማጠቢያውን በፈር ሳይቀር ስምና ቀን ጽፋበት አስቀመጠች። እኔም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ይሄንን የጻፍኩት ግን ለእሷ አይደለም። ብዙዎቻችሁ ዛሬ ራሳችሁ መምህራን ናችሁ። ነገ አንድ ተማሪ ቢከር ይዞ "ምን ላድርገው?" ሲላችሁ፣ እባካችሁ ሳታስቡ አትመልሱ።